አደይ አበባ፦ ገበያው ከተዘጋ በኋላ የሚበስለው ዘር

ጅማ፣ ጊንጆ — በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ አንድ እቅፍ አደይ አበባ ዋጋ አለው። ገዢው ይከራከራል፤ ሻጩ ልጅም እንቢ ይላል። ነገ ጠዋት ያለ አበባ ሊያነጋ የሚፈልግ ቤት እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። በማግስቱ ማታ ያው አበባ ጠውልጎ ከቄጤማው ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ለደመራ አንድ ጊዜ ቀና ይልና ከመስከረም 17 በኋላ የሚጠይቀው የለም። በዓመት ከሦስት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ የሚከፈት ገበያ ማለት ይህ ነው።

የገበያው ትልቁ ጉድለት ግን ዋጋው ቶሎ መውደቁ አይደለም። ገበያው በሚዘጋበት ቀን የአበባው ዘር ገና አረንጓዴ መሆኑ ነው። ዘሩ የሚበስለው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ነው። በዚያን ጊዜ አበባው ጠቁሮ ደርቋል፣ ገዢ የለውም፣ ስለዚህም ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም። አደይ ደግሞ በየዓመቱ ከዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። እንደ ጽጌረዳ ከግንዱ ደግሞ አያቆጠቁጥም። መስከረም ላይ ከሥሩ የተነቀለ አደይ፣ በአፈር ውስጥ ተኝቶ የቆየ ዘር ካልታደገው በቀር፣ ለከርሞ ተተኪ የለውም።

ስሙን እንወደዋለን። ለክር ፋብሪካ ሰጥተነዋል፤ ለስታዲየምም ሰጥተነዋል። ዘሩን ግን ይህ ጸሐፊ በጅማ የዘርና የእርሻ መሣሪያ ሱቆች ጠይቆ አላገኘም። የጎመን፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘር በየመደርደሪያው አለ። የአደይ ዘር ሲባል ባለሱቁ ይስቃል። ሜዳ ላይ በነፃ የሚገኝን ነገር ዘር ገዝቶ የሚዘራ ማን ነው?

ነፃ ነው የተባለው ዕቃ

የባለሱቁ ሳቅ መልስ ይገባዋል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ነፃ የሚባለው ነገር ማንም የፈለገውን ያህል ቢወስድ ለሌላው የማይጎድለው ነው። አደይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ባለቤት የሌለው ሀብት ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ለሚለቅመው ልጅ ወጪው የእግሩ ድካም ብቻ ነው። ጥቂት አበባ ለዘር ልተው ቢል ከኋላው የሚመጣው ልጅ ይወስደዋል። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ መሰብሰቡ ከእርሱ አንጻር ትክክለኛ ስሌት ነው። ስህተቱ የልጁ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ከተማው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ባዶው ሜዳ፣ የአጥሩ ጥግና የወንዙ ዳር ይጠባል። ቤት ይሠራበታል፣ ከብት ይውልበታል፣ ይታረሳል። ልጆቹ አበባ ፍለጋ የሚሄዱት መንገድ እየረዘመ ሲመጣ ጭማሪው በመጀመሪያ በልጆቹ እግር፣ ቀጥሎም በዋዜማው ዋጋ ላይ ይታያል። መፍትሔው ልጆቹን መከልከል አይደለም። አበባው ባለቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ባለቤት የሚኖረው ደግሞ በጓሮ ሲዘራ ነው።

የትኛው አደይ?

አደይ የአንድ ተክል ስም ብቻ አይደለም። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ቢደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ ያሉ በርካታ ዝርያዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። ከእነዚህም ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፕረስቲናሪያና ቢደንስ ፓኪሎማ ይገኙባቸዋል። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ የአፍሪካን የቢደንስ ዝርያዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ቢደንስ ማለት በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣው በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ጫፍ ላይ ካሉት ሁለት ሹል ነገሮች ነው። በየመንገዱ ልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት የዚሁ ወገን አባል ነው። ማክሮፕቴራ የሚለው ደግሞ ትልቅ ክንፍ ያለው ማለት ነው።

በኦሮምኛ አደይ ኬሎ ይባላል። ነገር ግን በጅማ ዙሪያ በጥቢ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው ሁሉ ኬሎ አይደለም። ቱፎ የሚባለው የኑግ ዘመድ ከርቀት ሲያዩት ያሳስታል። የአደይ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጣጠቀ ነው። የቱፎ ቅጠል ግን ሙሉና ረዘም ያለ ነው። አበባው ከደረቀ በኋላ ልዩነቱን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ዘር የሚፈልግ ሰው ገና በመስከረም በመረጠው ተክል ላይ ክር አስሮ ምልክት ቢያደርግ ይጠቀማል።

የሜክሲኮ አበባ በጅማ ግቢ

በከተማችን ግቢዎች ከዘር የሚበቅሉትን አበቦች እንመልከት። ኮስሞስ፣ ዚኒያና ማሪጎልድ በብዛት ይታያሉ። ሦስቱም የመጡት ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ ነው። ሦስቱም እንደ አደይ የሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። አንድ ሰው ዘራቸውን ለቅሞ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ውቅያኖስ አሻግሮ ስለሸጣቸው ዓለምን አዳረሱ። እንዲያውም በአውሮፓ የአበባ መደብሮች በተንጠልጣይ ማሰሮ የሚሸጥ ቢጫ ቢደንስ አለ። እርሱም ቢደንስ ፌሩሊፎሊያ የሚባለው የሜክሲኮ ዝርያ ነው። የአደይ የሥጋ ዘመድ ገበያ አለው ማለት ነው።

ወደ ራሳችን የአበባ ንግድ ስንመጣ፣ ከዝዋይ፣ ከሆለታና ከሰበታ ወደ ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ ለአገሪቱ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። ይሁን እንጂ ዝርያዎቹን ያወጡት የውጭ አራቢዎች በመሆናቸው አብቃዮቹ ለዝርያው ባለቤት ክፍያ ይፈጽማሉ። አደይ ይህ ዕዳ የለበትም። በጽጌረዳ ቦታ ይተካ ማለታችን አይደለም፤ በመኪናና በአውሮፕላን ተጭኖ ሩቅ አገር የሚደርስ አበባ አይደለም። የአደይ ገበያ እዚሁ ነው።

ከአንድ ጓሮ የተገኘ ትምህርት

ይህ ጸሐፊ በጊንጆ በተከራየው ግቢ ጓሮ ሁለት ክረምት ሞክሯል። የመጀመሪያው ከሸፈ። ዘሩን በኅዳር ለቅሞ እርጥበቱ ሳይወጣለት በፌስታል ቋጥሮ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ግንቦት ላይ ሲከፍተው አብዛኛው ሻግቷል። የተረፈውን ዘርቶ ጥቂቱ ቢበቅልለትም ጎመኑን ሊያርም የመጣው የቀን ሠራተኛ ከሌላው አረም ጋር ነቅሎ ከምሮ ጠበቀው። ሠራተኛው አልተሳሳተም። በገበሬ ዓይን ያልተዘራ ሁሉ አረም ነው፤ አደይንም የሚያውቀው ጤፍና ኑግ ውስጥ ሲገባበት ነው። የዚያ ዓመት የእንቁጣጣሽ አበባ እንደ ወትሮው በገንዘብ ተገዛ።

በሁለተኛው ዓመት ዘሩ በወረቀት ተጠቅልሎ ከረመ፤ ሲዘራም በመስመር ተዘርቶ ገመድ ተወጠረለት። የግቢው ባለቤት እማማ ለጎመን የሚሆን መሬት በአረም ተያዘ ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። ጳጉሜን ላይ ጎረቤት አበባ ሊለምን ብቅ ብቅ ሲል ግን ማን ስንት ዘለላ እንደሚወስድ የሚወስኑት እርሳቸው ሆኑ። ባለቤትነት ማለት ይኸው ነው።

አዘራሩ እንዴት ነው?

ዘር የሚለቀመው የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅና በጣት ሲነካ ሲላቀቅ ነው። ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ ትልቅ ተክል ብቻ ሳይሆን ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚያብበውም የሚዘገየውም ዓይነት ይያዛል። ከሜዳ የሚለቅም ሰው ከሚወስደው የሚተወው ይብዛ። ዘሩ በወረቀት ወይም በሰፌድ ላይ ተበትኖ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ከዚያም በወረቀት ከረጢት ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ከምድጃ በላይ መስቀል አይመከርም፤ ሙቀቱ ዘሩን ያዳክማል።

ከመዝራት በፊት መፈተን ገንዘብ አያስወጣም። 50 ዘር ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየትና የበቀለውን መቁጠር ነው። 30 ቢበቅሉ 60 ከመቶ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዘሩን ጨመር አድርጎ መዝራት ነው።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ የአደይ ጠላት ድርቅ ሳይሆን አረም ነው። መሬቱን በግንቦት አንድ ጊዜ ቆፍሮ፣ የበቀለውን አረም ሁለተኛ ጊዜ ገልብጦ፣ ከዚያ በኋላ መዝራት ድካም ያቀላል። ዘሩ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ቢበተን እኩል ይዳረሳል። አፈር በስሱ ብቻ ይለብሳል። ቡቃያው ጣት ሲያክል በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ይሳሳል። ፍግና ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ የጠገበ መሬት ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ፀሐይ ግን ይፈልጋል፤ ከዋንዛና ከሙዝ ሥር አይሆንለትም።

ከሁሉ የሚከብደው ቀኑን መጠበቁ ነው። መስከረም 5 ቀን የሚፈነዳ አበባ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም፤ ነሐሴ 20 ቀን ያበበም ዋጋ ሳያገኝ ይረግፋል። የአደይ ዘመድ የሆነው ኑግ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው። በአደይ ረገድ የሚያዋጣው ዘዴ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ መዝራትና የትኛው ዙር በቀኑ እንዳበበ በደብተር መጻፍ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደብተሩ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይናገራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁሉን ዘር በአንድ ቀን የበተነ ሰው ዕድሉንም በአንድ ቀን ላይ በትኗል።

ለመደቡ ጓደኛ የሚሹ ማገጥን ይሞክሩ። በደጋና በወይና ደጋ ሜዳችን ላይ የሚበቅሉ የአገር ማገጦች ብዙዎቹ እንደ አደይ ዓመታዊ ናቸው፤ ሐምራዊ አበባቸው ከቢጫው ጋር ያምራል፣ መሬቱንም ናይትሮጅን ይመግቡታል። ዘራቸው ጠንካራ ልባስ ስላለው ከመዘራቱ በፊት በሻካራ ነገር ትንሽ ቢታሽ ቶሎ ይበቅላል።

ባዶ የሚቀረው የቡና ችግኝ መደብ

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ገራ ባለው የቡና አገር የአደይን ሥራ የሚያቀልል አንድ ነገር አለ። የቡና ችግኝ ወደ ማሳ የሚወጣው ክረምቱ ሲጠና፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። ከዚያ በኋላ የችግኝ መደቡ ባዶ ይቀራል። መሬቱ ተቆፍሯል፣ አረሙ ተለቅሟል፣ አጥሩም አለ። የሚቀጥለው የቡና ዘር እስኪገባ ድረስ መደቡ ወራት ያለ ሥራ ይቀመጣል።

አደይን በሰኔ መጀመሪያ በሣጥን አብቅሎ ችግኙን በሐምሌ ወደዚህ መደብ ማዛወር ይቻላል። የዳሱ ጥላ መነሣት አለበት። ከቡና የተረፈው የችግኝ ፕላስቲክም ሌላ ዕድል ይሰጣል፦ በፕላስቲክ ያደገ አደይ ከነሥሩ ሊሸጥ ይችላል። የተቆረጠው አበባ በውኃ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ከነሥሩ የተሸጠው ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ሊያብብ፣ ከዚያም ዘር ሊሰጥ ይችላል። ለሆቴል፣ ለመሥሪያ ቤትና ለቡና ቤት በረንዳ የሚሆን ዕቃ ነው።

አንድ እንቅፋት አለ። ዘሩ የሚበስልበት ወር የቡና ለቀማም ወር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ለቡና የሚከፈለውን የቀን ሙያ ትቶ አበባ ዘር የሚለቅም ጎልማሳ አይገኝም፤ መጠበቅም አይገባም። ሥራው ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ግማሽ ሰዓት የሚበቃው በመሆኑ ለልጆችና ለአዛውንቶች የሚስማማ ነው።

ስሌቱ

ሁለት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ መደብ እንውሰድ። ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከ100 እስከ 110 ተክል ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ሳይነካ ለዘር ቢቀር 70 ያህል ተክል ለገበያ ይተርፋል። እነዚህም ከሥራቸው ሳይነቀሉ በመቀስ ቢቆረጡ ለመስቀል እንደገና ቅርንጫፍ የሚያወጡ ይኖራሉ።

ወጪውስ? ዘሩ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የራስ ነው። ማዳበሪያና መድኃኒት የለም። ጉልበቱ ቁፋሮ፣ ሁለት ዙር አረምና ማሳሳት ነው። ትልቁ ወጪ በገንዘብ የማይታየው፣ ማለትም መሬቱ ሌላ ነገር ቢበቅልበት ኖሮ ይገኝ የነበረው ጥቅም ነው። ይኸውም ጎመን ነው። በክረምት ግን ጎመን በየጓሮው ስለሚትረፈረፍ ዋጋው ዝቅ ይላል። አደይ መሬቱን የሚይዘው መሬቱ በሚረክስበት ወቅት ነው። የአንድ እቅፍ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን አንባቢ በሠፈሩ ዋጋ ያስላ። ይህ ሥራ ሀብታም አያደርግም። የአንድን ተማሪ የደብተር ወጪ ግን ሊሸፍን ይችላል።

የንቦቹ ድርሻ

ሂሳቡ ውስጥ መግባት ያለበት ሌላ ተጠቃሚም አለ። ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት መጽሐፍ የአደይንና የኑግን ወገኖች ለንብ ከሚጠቅሙ ተክሎች ይመድባቸዋል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ዋነኛው የማር ወቅት ጥቅምትና ኅዳር የሆነው በእነዚህ የጥቢ አበቦች ምክንያት ነው። ቡና የሚያብበው በበጋው ነው፤ የሚጎበኘው ንብ ደግሞ ፍሬ መያዙን ይረዳዋል። በጥቢ የበላ ንብ ቡናው ሲያብብ ቀፎው ሞልቶ ይጠብቃል። ለዘር የቀረው አንድ ሦስተኛ ተክል ዝም ብሎ የቆመ ሀብት አይደለም፤ እስኪደርቅ ድረስ ለንብ ቀለብ ነው።

ቴክሳስ ምን አደረገች?

በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ 30,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ13 ቶን በላይ፣ የሜዳ አበባ ዘር በአውራ ጎዳናዎች ዳር ይዘራል። ከእነዚህ ውስጥ የግዛቱ መለያ የሆነው ብሉቦኔት ዓመታዊ ተክል ነው። የፕሬዚዳንት ጆንሰን ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ለዚህ ሥራ ብዙ የደከሙ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1982 በኦስቲን ከተማ የሜዳ አበቦች ምርምር ማዕከል አቋቁመዋል። ዋናው ትምህርት ከዘሩ ብዛት ይልቅ ከአጨዳው ቀን ላይ ነው፤ የመንገዱ ዳር ሣር የሚታጨደው አበቦቹ ዘራቸውን ከጣሉ በኋላ ነው። ዘር የሚሸጡ ገበሬዎችና ድርጅቶችም በዚሁ ፍላጎት ላይ ቆመዋል።

ጅማም ጎዳና፣ የትምህርት ቤት ግቢና የወንዝ ዳር አላት። የመስከረሙን አጨዳ እስከ ኅዳር ማዘግየት ምንም በጀት አይጠይቅም።

ዘሩ የማን ነው?

ገበያ ሲነሣ የባለቤትነት ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የጄኔቲክ ሀብትን ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የጂን ባንክ ወራሽ ነው። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የጤፍን ዱቄት አሠራር ፓተንት ይዞ የነበረ የኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንቱ በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነበት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለውጭ ዘመድ የአደይ ዘር በፖስታ ልላክ የሚል ሁሉ ይህን ይወቅ።

የኑግም ታሪክ ያስተምራል። ኑግ የተላመደው እዚህ አገር ሆኖ ሳለ በአሜሪካ የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። የአረም ዘር እንዳይገባ ሲባል እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው የሚገባው። ከሚያሰጉት አንዱ ተክል ላይ የሚጠመጠመው ቢጫ ክር መሰል ጥገኛ አረም ነው። የአደይ ዘር የሚሸጥ ሰውም ከጅምሩ ዘሩን በወንፊት አጥርቶ፣ አረሙን ለቅሞ ካልሸጠ ስሙ ከመጀመሪያው ክረምት አያልፍም።

ለደብተርዎ

ግንቦት፦ መሬት መቆፈር፣ ዘር መፈተን። ሰኔ፦ በሁለት ሳምንት ልዩነት መዝራት መጀመር። ሐምሌ፦ ማሳሳት፣ ችግኝ ማዛወር። ነሐሴ፦ አረም፤ የደረሰውን ዙር መመዝገብ። ጳጉሜን፦ በመቀስ መቁረጥ፣ አንድ ሦስተኛውን መተው። መስከረም፦ ለዘር የተመረጠውን በክር ማሰር። ጥቅምትና ኅዳር፦ ዘር መልቀም፣ በጥላ ማድረቅ፣ በወረቀት ማስቀመጥ።

በዋዜማው አበባ የሚሸጠው ልጅ ገንዘቡን ምን እንደሚያደርግበት ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበታል። ይህ ልጅ ከጳጉሜኑ እቅፍ በተጨማሪ በኅዳር አንድ እፍኝ ደረቅ ዘር ለቅሞ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ቢጠቀልል፣ ለከርሞ ሩቅ ሳይሄድ ከእናቱ ጓሮ ይቆርጣል። ዘንድሮ አደይ የገዛን ሁሉ ደግሞ ሻጩን ከዋጋው ሌላ አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ለዘር ስንት ተክል እንደተወ።